የአሮጌ መኪና ዳሽቦርድ ጌጅ ሲበላሽ፦ ከውጭ ጀምሩ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ግቡ

በጎጃም መንገዶች ላይ ዕድሜ የጠገቡ መኪኖች ዛሬም እንጀራ ያበላሉ። ዲኤክስ ኮሮላው ባሕር ዳር ውስጥ ሲመላለስ ይውላል። የድሮው ሃይሉክስ ከሞጣ እህል ጭኖ ይወጣል። ላንድክሩዘሩ የገጠሩን ኮረኮንች ይዞ ይሄዳል። የብዙዎቹ ሞተር ገና ደህና ነው። ዳሽቦርዳቸውን ስታዩ ግን ግማሹ ሞቷል። የነዳጁ ጠቋሚ ታች ተኝቷል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ከቆመ ቆይቷል። የሙቀት ጌጁ (መለኪያው) ሲፈልግ ይነሳል፣ ሲፈልግ ይተኛል።

ሹፌሩን ብትጠይቁት «ግድ የለም፣ በድምፁ አውቀዋለሁ» ይላችኋል። ይህ አባባል ብዙ ሞተር ገድሏል። የጋለ ሞተር ድምፁን የሚለውጠው ከተጎዳ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ተጣሟል፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ጓርኒሲዮንም ተበልቷል።

በእኛ አገር ደግሞ የሙቀት ጌጅ ከሌላው ቦታ የበለጠ ያስፈልጋል። ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ባሕር ዳር ከፍታዋ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ እዚያ 92 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል። ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውሃ ቶሎ እንዳይፈላ የሚይዘው የክዳኑ ግፊት ነው። ክዳኑ ከላላ ይህ መከላከያ ይጠፋል። እንዲህ ያለ መኪና ጭነት ይዞ ከዓባይ ድልድይ ተነስቶ ደጀን እስኪደርስ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። በዚያ ዳገት ላይ ሳይረፍድ የሚነግራችሁ ያ ትንሽ ጠቋሚ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ጌጅ አልሠራ ሲል አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ዳሽቦርዱን መፍታት ነው። ይህ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። በአሮጌ መኪና ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው ከዳሽቦርዱ ውጭ ነው፦ ፊውዝ ላይ፣ ማሳ ላይ (ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት መስመር)፣ ሞተሩ ላይ ባለው ቡልቦ ላይ (ለጌጁ መልእክት የሚልከው ትንሽ መሣሪያ)፣ ነዳጅ ታንኩ ላይ፣ ወይም በቆጣሪው ገመድ ላይ። በፀሐይ የደረቀ አሮጌ ፕላስቲክ ደግሞ በተፈታ ቁጥር አንድ ጆሮውን ይሰብራል። ስለዚህ ከውጭ ጀምረን ወደ ውስጥ እንገባለን።

የሚያስፈልጋችሁ

የኮከብና ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ)፣ ናስትሮ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ንጹሕ አልኮል፣ ላጲስ፣ ጥቂት ግራሶ። ከአሮጌ መኪና ዳሽቦርድ የወጣች ባለ 12 ቮልት 3.4 ዋት አምፖል ፈልጉና ሁለት ሽቦ አብጁላት። ይህች መፈተሻ አምፖል ከቴስተሩ ያላነሰ ትጠቅማችኋለች። መበየጃ ካውያ የሚያስፈልገው መጨረሻ ላይ ነው፤ ምናልባትም ጭራሽ አያስፈልግም።

ቴስተር ርካሹም ይበቃል። ያለ ቴስተር ግን ይህን ሥራ አትጀምሩት። በግምት ዕቃ እየቀየሩ መሄድ ገንዘብ መድፋት ነው።

መጀመሪያ ምልክቱን አንብቡ

ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን አዙሩ። የዘይት መብራት፣ የባትሪ መብራትና የእጅ ፍሬን መብራት መብራት አለባቸው። ከዚያ ሞተሩን አስነሱ። የዘይቱና የባትሪው መጥፋት አለባቸው። ያያችሁትን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፉ። የትኛው ሞቷል? ብቻውን ነው ወይስ ከሌላ ጋር? ሁልጊዜ ነው ወይስ መኪናው ሲንገጫገጭ? ይህ የአሥር ደቂቃ ሥራ የቀኑን ግማሽ ያተርፍላችኋል።

ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ከሞተ ጥፋቱ የጋራ ነው። ፊውዝ፣ ማሳ፣ ወይም ከዳሽቦርዱ ጀርባ የሚሰካው ትልቁ ሶኬት ነው። ሁሉም ጌጅ በአንድ ጊዜ አይበላሽም።

ነዳጁና ሙቀቱ አብረው ከተዛቡ፣ ማለትም ሁለቱም ከሞቱ ወይም ሁለቱም ከልክ በላይ ወደ ላይ ከወጡ፣ ጌጆቹን አትጠርጥሩ። በብዙ የድሮ መኪኖች ሁለቱ ጌጆች የሚመገቡት ከአንድ ቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ነው። ወደ እሱ በኋላ እንመለሳለን።

አንዱ ብቻ ከሞተ የራሱን ሽቦና የራሱን ቡልቦ ተከተሉ።

ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ብቻ ከቆመ ወይም ጠቋሚው ከተንቀጠቀጠ ከኤሌክትሪክ ጋር ምንም ላይገናኝ ይችላል። ገመዱ ነው።

የፊት መብራት ስታበሩ የነዳጁ ጠቋሚ ከተንቀሳቀሰ፣ ወይም ፍሬቻ ስታበሩ ሌላ መብራት አብሮ ብልጭ ካለ፣ ማሳው ላልቷል። ይህን ምልክት ያየ ሰው ሌላ ነገር ለመፈለግ መድከም የለበትም።

ፊውዝና ማሳ

ፊውዙን በዓይን ብቻ አትዩት። አውጡትና በቴስተር ለኩት። አንዳንዱ ፊውዝ ሲያዩት ሙሉ ይመስላል፣ ጫፉ ላይ ግን ተቆርጧል። የተቀመጠበት ቦታ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት ካበቀለ በአልኮልና በብሩሽ አጽዱት።

በፊውዝ ቦታ ሽቦ የሚጠመጥም ወይም ብርማውን የሲጋራ ወረቀት የሚያስገባ ሰው ካጋጠማችሁ መኪናችሁን አትስጡት። ፊውዝ የተቃጠለው ምክንያት ስላለው ነው። ምክንያቱ ሳይገኝ ሽቦ ከተገባ ቀጥሎ የሚቃጠለው ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለው ሽቦ ነው፤ እሱ ከተያያዘ ደግሞ መኪናውም አይተርፍም። 10 አምፔር የተጻፈበት ቦታ 10 አምፔር ይግባ።

ማሳውን ለመፈተሽ ቴስተሩን በቮልት ላይ አድርጉ። ጥቁሩን የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ቀዩን የዳሽቦርዱ ማሳ ሽቦ ብረቱን በሚነካበት ቦታ አድርጉ። ቁልፉን አዙሩ፣ የፊት መብራቱን አብሩ። ቴስተሩ ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር ማሳየት አለበት። ከ0.2 ቮልት ካለፈ ማሳው ደካማ ነው። ብሎኑን ፍቱ፣ ሽቦውና ብረቱ የሚነካኩበትን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈትጉ፣ መልሳችሁ አጥብቁ። ከሞተሩ ወደ አካሉና ከባትሪው ወደ አካሉ የሚሄዱትን ወፋፍራም ሽቦዎችም አትዝለሏቸው። ኮረኮንች ላይ ለዓመታት የተንገጫገጨ መኪና እነዚህ ሳይላሉበት አይቀርም። የባሕር ዳር እርጥበትና የክረምቱ ዝናብ ሲጨመርበት ዝገቱ ይፈጥናል።

ባትሪውንም በዚሁ ለኩት። ሞተሩ ጠፍቶ ላረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 መካከል ይሆናል። ከዚህ በጣም ካለፈ ዲናሞው አምፖል እየበላባችሁ ነው፤ መጀመሪያ እሱ ይጠገን።

የሙቀት ጌጅ

ይህኛው ላይ ጊዜ ስጡ። ሞተሩ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ ቴርሞስታቱ አጠገብ፣ አንድ ሽቦ የተሰካበት ቡልቦ አለ። ሁለት ሽቦ ያለው ሌላ ቡልቦ ካያችሁ የሌላ ሥራ ስለሚሆን ተዉት። የጌጁ ቡልቦ ሲሞቅ የኤሌክትሪክ መከላከሉ (ሬዚስታንሱ) ይቀንሳል። ያን ጊዜ በጌጁ ውስጥ ብዙ ኤሌክትሪክ ያልፋል፣ ጠቋሚውም ይነሳል።

ሞተሩ ጠፍቶ ይቀዝቅዝ። ሽቦውን ከቡልቦው ንቀሉ። ቁልፉን አዙሩ፤ ጠቋሚው ቀዝቃዛው ላይ መቀመጥ አለበት። አሁን የተነቀለውን ሽቦ በመፈተሻ አምፖሏ በኩል ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኙ። አምፖሏ ትበራለች፣ ጠቋሚውም ወደ ሙቅ ይሄዳል። እንዲህ ከሆነ ጌጁም ሽቦውም ደህና ናቸው፤ የሞተው ቡልቦው ነው። ቡልቦ መቀየር ቀላል ሥራ ነው፤ ዳሽቦርዱን ጨርሶ አልነካችሁትም።

አምፖሏ በርታ ጠቋሚው ካልተነሳ ጥፋቱ ጌጁ ላይ ነው። አምፖሏም ካልበራች መስመሩ አንድ ቦታ ተቆርጧል፣ ወይም ኤሌክትሪኩ ጭራሽ አልመጣም።

ብዙ መካኒክ አምፖል ሳይጠቀም ሽቦውን በቀጥታ ብረት ያስነካዋል። አትፍቀዱ። ጌጁ ውስጥ ያለው ቀጭን ሽቦ ለዚያ ያህል ኤሌክትሪክ አልተሠራም። አምፖሏ የምታስፈልገው ኤሌክትሪኩን እንድትገድብ ነው።

አዲሱን ቡልቦ ስትገጥሙ ጥርሱ ላይ ቴፍሎን አታብዙበት። ቡልቦው ማሳ የሚያገኘው በጥርሱ በኩል ነው። ቴፍሎኑ ከለየው አዲሱ ቡልቦም አይሠራም፤ እናንተም «የተበላሸ ሸጡልኝ» ብላችሁ ከነጋዴው ጋር ትጣላላችሁ።

ጠቋሚው በእውነት ሙቅ ላይ ከወጣ ደግሞ መጀመሪያ ጌጁን እመኑት። መኪናውን አቁሙ፣ ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ውሃውን እዩ። የጋለ ራዲያተር ክዳን አትክፈቱ። ጌጁ መበላሸቱን የምትጠይቁት ውሃውም ክዳኑም ደህና ሆነው ከተገኙ በኋላ ነው።

የነዳጅ ጌጅ

ታንኩ ውስጥ ክንድ ያለው ተንሳፋፊ አለ። ነዳጁ ሲወጣና ሲወርድ ክንዱ በቀጭን መከላከያ ሽቦ ላይ ይንሸራተታል። በብዙ የድሮ ቶዮታዎች ታንኩ ሙሉ ሲሆን 3 ኦም (ኦም የመከላከሉ መለኪያ ነው) ገደማ፣ ባዶ ሲሆን 110 ኦም ገደማ ይለካል። የሌላ ፋብሪካ መኪና ቁጥሩ ይለያል፤ አንዳንዱማ ጭራሽ የተገላቢጦሽ ነው።

የታንኩን ሶኬት ንቀሉና ከታንኩ በኩል ያለውን ለኩ። ቁጥሩ ከነዳጁ መጠን ጋር የሚቀራረብ ከሆነ ተንሳፋፊው ደህና ነው። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ውስጡ ተቆርጧል። ከመኪናው በኩል ያለውን ሽቦ ደግሞ እንደ ሙቀቱ ጌጅ በመፈተሻ አምፖሏ ፈትሹት፤ ጠቋሚው ወደ ሙሉ መነሳት አለበት።

ተንሳፋፊውን ማውጣት ካስፈለገ ከቤት ውጭ፣ አየር በሚነፍስበት ቦታ ይሁን። የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀል። ሲጋራ፣ ከሰል፣ የቡና ምድጃ አካባቢው ላይ አይኑር። ከጄሪካን የሚቀዳ ነዳጅ ብዙ ጊዜ ውሃና ቆሻሻ ይዞ ይገባል፤ ክንዱ ሲዝግ እዚያው ይነክሳል። ክንዱን በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ ከታች ወደ ላይ አንቀሳቅሱ። በቴስተሩ ላይ ቁጥሩ ሳይቆራረጥ ቀስ በቀስ እየተለወጠ መሄድ አለበት። መሀል ላይ ከጠፋ መከላከያ ሽቦው አልቋል። ተንሳፋፊውንም ጆሯችሁ አጠገብ አወዛውዙት። ውስጡ ነዳጅ ከተንቦጫረቀ ተበስቷል፤ ሁልጊዜ «ባዶ» የሚላችሁ ስለሚሰምጥ ነው።

የዘይት መብራት

አጭር ነው፣ ግን አትዝለሉት። ቁልፍ ሲዞር ካልበራ ሽቦውን ከዘይት ቡልቦው ነቅላችሁ ብረት አስነኩት (እዚህ መስመሩ ላይ ያለው የዳሽቦርዱ አምፖል ነው እንጂ ጌጅ ስላልሆነ በቀጥታ ማስነካት ይቻላል)። ከበራ ቡልቦው ነው። ካልበራ አምፖሉ ወይም መስመሩ ነው።

እየነዳችሁ ከበራ ግን «ሽቦ ነው» አትበሉ። ወዲያው ሞተሩን አጥፉ። ዘይቱን ለኩ። ዘይቱ ሙሉ ከሆነም መካኒኩ የግፊት መለኪያ ቡልቦው ቦታ ላይ አስሮ እውነተኛውን ግፊት ሳያይ ሞተሩን አታሠሩት።

አሁን ዳሽቦርዱን መፍታት

እስካሁን ካልተገኘ ወደ ውስጥ እንገባለን።

የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ። መኪናው ኤርባግ ካለው ቢያንስ 90 ሰከንድ ጠብቁና ከዚያ ጀምሩ። ቢጫ ሶኬት አትንኩ።

ሰዓቱንም ምረጡ። ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ በማለዳ ብርድ አሮጌ ፕላስቲክ አትፍቱ። ብርዱ ያደርቀዋል፣ ጆሮው ቀጭ ብሎ ይቀራል። ረፋድ ላይ ፀሐይ መኪናውን ካሞቀው በኋላ ሥሩ።

በየደረጃው በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ብሎኖቹ ርዝመታቸው ይለያያል፤ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ጀርባ ያለውን ይወጋል። ከየት እንደወጡ በየወረቀቱ ጠቅልላችሁ ጻፉበት።

መጀመሪያ ዙሪያውን የሚሸፍነው ፍሬም ይወጣል። ብሎኖቹ ብዙውን ጊዜ ከላይ በኩል፣ ከጥላው ሥር ተደብቀዋል። አልወጣ ካለ የቀረ ብሎን አለ ማለት ነው፤ ፈልጉት እንጂ አትሳቡት። ከዚያ ጌጆቹን የያዘው ሳጥን በሦስት ወይም በአራት ብሎን ይታሰራል። ሲላላ ትንሽ ወደ እናንተ ሳቡትና እጃችሁን ከጀርባው አስገቡ። የቆጣሪው ገመድ አንገቱ ላይ የሚጫን ምላስ አለው፤ እሱን ተጭናችሁ ንቀሉት። ገመዱ አጥሮ ካስቸገረ ሌላ ሰው ከሞተሩ በኩል ጥቂት ወደ ውስጥ ይግፋላችሁ። ሶኬቶቹን ከፕላስቲኩ ያዙ፤ ሽቦውን ይዞ መሳብ ክልክል ነው።

ሳጥኑን ንጹሕ ጨርቅ ላይ በፊቱ አስተኙት።

ጀርባው ላይ የሚታየው

በድሮ መኪና ጀርባው ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ወረቀት ተለጥፏል፤ በላዩ ላይ የመዳብ መስመሮች ተስለዋል። እነዚህ መስመሮች የሽቦን ሥራ ይሠራሉ። አብዛኛው ጥፋት የሚገኘው ሶኬቱ በሚሰካበት ጫፍ ላይ ነው። መዳቡ ይጠቁራል፣ ይነሳል፣ ወይም ይሰነጠቃል።

የጠቆረውን በላጲስ ቀስ ብላችሁ አጥፉት፣ ከዚያ በአልኮል ጥረጉት። ብርጭቆ ወረቀት እዚህ አይገባም፤ መዳቡ በጣም ስስ ስለሆነ ሁለት ጊዜ ሲፈተግ ያልቃል። መስመሮቹን አንድ በአንድ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቴስተር ለኩ። የተቆረጠ ካገኛችሁ በወረቀቱ ላይ ለመበየድ አትቸኩሉ፤ ፕላስቲኩ በካውያው ሙቀት ይሸበሸባል። የሚሻለው ቀጭን ሽቦ መዘርጋት ነው። ጌጆቹ በትናንሽ ዳዶዎች ስለሚታሰሩ የሽቦውን አንድ ጫፍ ዳዶው ሥር አስገብታችሁ ማጥበቅ ይቻላል። ዳዶዎቹንም በዚያው ሁሉንም ፈትሹ። ነዳጁና ሙቀቱ አንዴ ሠርተው አንዴ የሚቆሙ ከሆነ የላላ ዳዶ ሊሆን ይችላል።

ቮልቴጅ መቆጣጠሪያው እዚህ ነው። ሥራው የባትሪው ቮልት ከፍ ዝቅ ሲል ጌጆቹ እንዳይዋሹ ማድረግ ነው። በብዙ የድሮ ቶዮታዎች ነዳጅ ጌጁ ውስጥ ተሠርቶ ይገኛል፣ በአማካይ 7 ቮልት ገደማ ይሰጣል። በድሮ ላንድሮቨር ለብቻው የቆመ ትንሽ ሳጥን ነው፣ 10 ቮልት ይሰጣል። አሮጌው ዓይነት እየከፈተና እየዘጋ ስለሚሠራ በቴስተር ስትለኩት ቁጥሩ ይዘላል፤ መዝለሉ ጤናው ነው። ሳይዘል ሙሉ የባትሪ ቮልት ካሳለፈ ተጣብቋል፤ ሁለቱም ጌጆች ወደ ላይ የሚወጡት ለዚህ ነው። ቶሎ ካልተስተካከለ ያቃጥላቸዋል። ምንም ካላሳለፈ ሁለቱም ይሞታሉ። ከሌላ አሮጌ ዳሽቦርድ የወጣ ደህና ካላገኛችሁ ጎበዝ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ በኤሌክትሮኒክ ሬጉሌተር ሊተካላችሁ ይችላል። የሚፈለገውን ቮልት ግን እናንተ ንገሩት፤ በግምት እንዲሠራ አትተዉት።

አምፖሎቹ ሩብ ዙር ስታዞሯቸው ይወጣሉ። መስተዋታቸው ከጠቆረ ባይቃጠሉም ቀይሯቸው፤ ዳሽቦርዱ በተፈታበት ጊዜ ሁሉንም መቀየር ብልህነት ነው። አረንጓዴ የጎማ ቆብ ካላቸው ቆቡን አስቀሩት። ብዙ የጭነት መኪና በ24 ቮልት ስለሚሠራ አምፖሉ ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

ዛሬ ሁሉም ኤልኢዲ ማስገባት ይፈልጋል። ለጌጆቹ ብርሃን ምንም አይልም። የባትሪ መብራቱን ግን ተዉት። በብዙ የድሮ መኪኖች ዲናሞው ማመንጨት የሚጀምረው በዚያች አምፖል በኩል በሚያልፍ ኤሌክትሪክ ነው። አምፖሏ ከተቃጠለች ወይም በኤልኢዲ ከተቀየረች ዲናሞው ሳይሞላ ሊቀር ይችላል። በዚህ ምክንያት ደህና ዲናሞ ተፈትቶ ሲጣል ማየት ያሳዝናል።

የጌጆቹን ጠቋሚ በጣት አትግፉ፣ አትንቀሉም። ቁጥር የተጻፈበትን ፊት በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ አቧራውን አራግፉ፤ አልኮል ጽሑፉን ይወስደዋል። የፊተኛውን ፕላስቲክ መስተዋት በውሃና በሳሙና እጠቡ። ቤንዚን ካስነካችሁት ይደፈርሳል፤ ተመልሶም አይጠራም።

በኋላ የመጡት መኪኖች በፕላስቲክ ወረቀቱ ፋንታ ጠንካራ ቦርድ አላቸው። እነሱ ላይ ሶኬቱ የተበየደባቸውን እግሮች በአጉሊ መነጽር እዩ። በእግሩ ዙሪያ የቀለበት ስንጥቅ ካለ ብየዳው ለቋል። ትንሽ አዲስ ሊድ ጨምራችሁ በ350 ዲግሪ አካባቢ በፍጥነት እንደገና በይዱት። ያበጠ ወይም ፈሳሽ ያፈሰሰ ካፓሲተር ካያችሁ በዚያው መጠንና ቮልት ይቀየር፤ የፕላስና የማይነስ እግሩን ሳትገለብጡ። እጃችሁ ለብየዳ ካልለመደ ቦርዱን ይዛችሁ ቴሌቪዥን የሚጠግን ባለሙያ ጋ ሂዱ። ሥራው አንድ ዓይነት ነው።

ኪሎ ሜትር ቆጣሪው

የድሮው ቆጣሪ አሠራሩ ደስ ይላል። ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) የሚመጣው ገመድ ማግኔት ያዞራል። ማግኔቱ የአልሙኒየም ኩባያን ሳይነካው ይጎትተዋል። ኩባያው ጠቋሚውን ይዞ ይነሳል፣ ቀጭን ሞላ (ስፕሪንግ) ደግሞ ይመልሰዋል። በጃፓን መኪኖች ገመዱ በደቂቃ 637 ጊዜ ሲዞር ጠቋሚው 60 ላይ ይቆማል።

የኋላ ጎማ ነጂ መኪና ከሆነ እንዲህ ፈትሹ። ገመዱን ከቆጣሪው ንቀሉ። የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ ከፊትም ከኋላም አስደግፉ። ማርሹን ነፃ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ፣ አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ አንሱና ከሥሩ ጠንካራ መደገፊያ አስገቡ። ከመኪናው ሥር ማንም አይግባ። ጎማውን በእጅ ስታዞሩ የገመዱ ጫፍ መዞር አለበት። ካልዞረ ገመዱ ተበጥሷል፣ ወይም ካምቢዮው ላይ ያለችው ትንሿ የፕላስቲክ ጥርስ አልቃለች። ከዞረ ጥፋቱ ቆጣሪው ውስጥ ነው።

ጠቋሚው ከተንቀጠቀጠ የውስጡን ገመድ ስባችሁ አውጡ። በጨርቅ ጥረጉት። መሬት ላይ አንከባሉት፤ ቀጥ ብሎ ካልተንከባለለ ተቆልምሟል፣ ይቀየር። ደህና ከሆነ ስስ ግራሶ ከታች ጀምሮ እስከ ሁለት ሦስተኛው ድረስ ቀቡት። የላይኛውን ጫፍ ደረቅ ተዉት። ገመዱ እየዞረ ግራሶውን ወደ ላይ ስለሚወስደው በብዛት ከተቀባ ቆጣሪው ውስጥ ገብቶ ኩባያውን ያጣብቀዋል። ገመዱ መኪናው ውስጥ ሲዘረጋም ሹል መታጠፍ የለበትም።

ጠቋሚው እየሠራ የኪሎ ሜትሩ ቁጥር ብቻ ከቆመ ውስጡ ያለች የፕላስቲክ ጥርስ ተሰንጥቃለች ማለት ነው። እሷን መቀየር ትዕግሥት ይፈልጋል፤ አንዳንዴ ሙሉ ቆጣሪ ፈልጎ መቀየር ይቀላል።

ተተኪ ስትገዙ

ባሕር ዳር ካጣችሁ ብዙ ሰው ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያስልካል። በስልክ «የዲኤክስ ዳሽቦርድ» ብላችሁ አትዘዙ። የፊቱንና የጀርባውን ፎቶ ላኩ። ሶኬቱ ስንት እግር እንዳለው፣ መኪናው ናፍጣ ይሁን ቤንዚን፣ የሞተር ዙር መቁጠሪያ ያለው መሆኑን ንገሩ። ጀርባው ላይ የታተመው ቁጥር ከተገጣጠመ ሌላ ጥያቄ የለም።

መልሶ መግጠምና መሞከር

ብሎን ከማሰራችሁ በፊት ሶኬቶቹን ሰኩ፣ ባትሪውን መልሱ፣ ቁልፉን አዙሩ። መጀመሪያ በጻፋችሁት ወረቀት ሁሉንም አንድ በአንድ እዩ። የፊት መብራት፣ ፍሬቻ፣ ፍሬን አብሩ፤ ጠቋሚዎቹ መነቃነቅ የለባቸውም። ከዚህ በኋላ ብቻ እሰሩት። ብሎኖቹን በጣት ጀምሩ፣ በካቻቢቴ አጥብቁ፣ ሲነክስ አቁሙ። ፕላስቲክ ነው።

ከዚያ መንገድ ላይ አውጡት። ሜዳ መንገድ ምረጡ፤ ከባሕር ዳር ወደ መራዊ ያለው ይመቻል። 60 ላይ አጽንታችሁ ንዱ። አጠገባችሁ ያለ ሰው የመንገዱን ኪሎ ሜትር ድንጋይ እያየ ሰዓት ይያዝ፦ አንድ ኪሎ ሜትር በ60 ሰከንድ ማለቅ አለበት። የስልክ ጂፒኤስም ይሠራል። ከ60 ሰከንድ በላይ ከወሰደ ቆጣሪው ከእውነቱ በላይ እያሳየ ነው፤ ትንሽ ልዩነት የተለመደ ነው። ከ60 ሰከንድ በታች ከሆነ ግን ከምታስቡት በላይ እየበረራችሁ ነው። የጎማውን ቁጥር መኪናው ከፋብሪካ ከወጣበት ጋር አነጻጽሩ። ትልቅ ጎማ የገጠመ መኪና ቆጣሪው ሁልጊዜ አሳንሶ ያሳያል።

ሌላ ቆጣሪ ከገጠማችሁ የድሮው ስንት ላይ እንደቆመ፣ አዲሱ ስንት ላይ እንደጀመረና የተቀየረበትን ቀን ጻፉ። ወረቀቱን ከመኪናው ሰነድ ጋር አስቀምጡት። የዘይት ለውጡን የምታሰሉት በእሱ ነው። መኪናውን ስትሸጡም ለገዢው ወረቀቱን አብራችሁ ስጡት።